የጋሽ ኤርሱሞ የምጸት መጽሐፍ

ለሰው መጽሐፍ «እስቲ አንብበው» ብሎ ከመስጠት ቅቤ መስጠት ይሻላል። ቅቤ ቢበዛ ይቀልጣል፤ የት እንደገባም ይታወቃል፣ ወይ ወጥ ውስጥ ነው ወይ ራስ ላይ። መጽሐፍ ግን አንዴ ከእጅ ወጥቶ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከገባ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም። ይህን የተማርኩት ኮሌጅ ውስጥ አይደለም። ከሆሳዕና በፎንቆ መንገድ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ነው የተማርኩት። ስሟን አልናገርም፤ እስከ ዛሬ ቅቤ የምገዛው ከዚያ ስለሆነ ከሰዎቹ ጋር መቀያየም አልፈልግም።

በዚያች ቀበሌ አማርኛ አስተምር ነበር። ሚስቴ ደግሞ ሆሳዕና ታስተምራለች። የመጀመሪያ ልጃችን ገና መዳህ መጀመሩ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባገኘሁት መኪና ተንጠልጥዬ ሆሳዕና እገባለሁ፤ ልጁ ሲያየኝ ያለቅሳል። ቅዳሜን ሲለማመደኝ ይውልና እሑድ አፍንጫዬን መጎተት ሲጀምር እኔ ቦርሳዬን አነሳለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ እንደ አዲስ ያለቅሳል። ሚስቴ «ና፣ እንግዳውን ሰላም በል» ትለዋለች። ቀልዷን ነው፤ እኔን ግን ውስጤን ታቆስለው ነበር።

ስለዚህ ወደ ሆሳዕና ልዛወር ብዬ አመለከትኩ። ከወዲያ ቦታ ተገኘ፤ የቀረው ከወዲህ የሚለቅቀኝ ፊርማ ነው። ፊርማው ያለው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ በአቶ ማቴዎስ እጅ ነው። ባገኘሁት ቁጥር «እየታየ ነው» ይለኛል። ማን እያየው እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም።

አቶ ማቴዎስ ክፉ ሰው አልነበረም። የዚያን ጊዜ ኃላፊ ነው እንግዲህ፤ ከትምህርቱ ሌላ ለእኛ ቀበሌ «ደጋፊ» ተብሎ ተመድቧል። ማዳበሪያው፣ የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የእርከን ሥራው ሁሉ እሱ ጫንቃ ላይ ነው። በእኛ ቀበሌ ችግኝ ቢደርቅ እሱ ይገመገማል። ከግምገማ ሲወጣ ያየሁት ቀን ከብርድ ልብስ ውስጥ የወጣ ሰው ይመስል ነበር፤ ላቡ በጆሮው ላይ ይወርዳል።

የተከራየሁት ቤት ጋሽ ኤርሱሞ ግቢ ውስጥ ነው። ጋሽ ኤርሱሞ ገበሬ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ ግን የዳማ ባለቤት ናቸው። ዳማ ላም ናት። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ የምትታለበውን ያየ ሰው ሌላ ላም ማየት አያምረውም። ጋሽ ኤርሱሞ ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። እኔን «መምህር» ሲሉኝ እንደዚያ አይለሰልስም።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ አሮጌ መጽሐፍ የሚዘረጋ ሰው ነበር፤ ከእሱ ነው የገዛሁት። ሽፋኑ ከወገቡ በታች ተቀዷል። የደራሲው ስም ከተቀደደው ጋር ሄዷል። የቀረው ርእሱ፣ «ከላይ የሚመጡት» የሚለው፣ እና ከርእሱ ሥር ነጭ ደመና ነው። ውስጡን ሳነብ ነው ደመና ሳይሆን አቧራ መሆኑ የገባኝ። አቧራውን ያስነሳው መኪና ከደራሲው ስም ጋር አብሮ ተቀዷል።

ታሪኩ ስለ አንድ ትንሽ ከተማ ነው። «ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ» ይባላል። ቀኑና ሰዓቱ አይታወቅም። ሹሞቹ እንቅልፍ ያጣሉ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፤ ሥር የሌለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ችግኝ ነው ተብሎ ይተከላል፤ አንካሳው ሰውዬ እስከ ጉብኝቱ ድረስ ከቤት እንዳይወጣ ይመከራል። በከተማው ያለች አንዲት ደህና ላም ደግሞ እንግዳው ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ እሷም ከቤቶቹ ጀርባ በእንሰቱ ውስጥ እየተነዳች ቀድማቸው እንድትደርስ ልምምድ ታደርጋለች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሬዲዮ ከፍቼ ዜና ሰምቼ፣ ሬዲዮኑን ዘግቼ መጽሐፉን ስከፍት የቱ ጋ እንዳቆምኩ ይጠፋኝ ነበር።

ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሳቄ ወደ ጋሽ ኤርሱሞ ጓዳ ይገባል። አንድ ቀን ከመሸ በኋላ ላሟን አልበው ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትስቀው?»

እዚህ ላይ ስለ ምላሴ መናገር አለብኝ። የተወለድኩት ሺንሺቾ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። አማርኛ አስተማሪ ሆኜም «ጸ» ላይ ስደርስ ምላሴ ወደ «ጠ» ያዘነብላል። ጋሽ ኤርሱሞም በሀዲይኛ አፍ የፈታ ምላስ ነው ያላቸው፤ «ጸሎት» ሲሉ «ጠሎት» ይላሉ። ሁለታችን ስናወራ «ጸ» የምትባል ፊደል ቤቷ ተቀምጣ ትውላለች።

«መጽሐፍ ነው ጋሼ» አልኩ፤ «የምጸት መጽሐፍ ነው።» መቼም «ምጸት» ማለቴ ነው፤ ያ ነገር ተቃራኒውን እየተናገሩ እውነቱን መንገር የሚባለው። ከአፌ ምን ሆኖ እንደወጣ ግን እግዜር ነው የሚያውቀው። «ከላይ ይመጣል ስለተባለ እንግዳ ነው የሚያወራው። ዛሬ የምናየውን ነገር ሁሉ አንድ ሳያስቀር ቁጭ አድርጎታል።»

ጋሽ ኤርሱሞ ወተቱን መሬት አስቀመጡ። «የምጽአት?»

«አዎ፣ የምጸት።»

«አንተ ደግሞ ትስቃለህ።»

«እንዴት አልስቅ ጋሼ፤ እርስዎም ቢያነቡት ይስቃሉ።»

ትንሽ አሰቡና «ደስ ብሎህ ነዋ» አሉ። «የተዘጋጀ ሰው ደስ ይለዋል።» እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ደመና ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ለሥነ ጽሑፍ ያላቸው አክብሮት መስሎኝ ልቤ ተነካ።

አንድ አመል አለብኝ። ጥሩ መጽሐፍ ካነበብኩ ሌላ ሰው ሲያነበው የት ላይ እንደሚስቅ ካላወቅኩ ያሳክከኛል። ጋሽ ኤርሱሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት፤ ስለዚህ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ኖራ የሚቀባበት ጋ ደረሱ። ዝም አሉ። ቅርንጫፉ የሚተከልበት ጋ ደረሱ። «ሥር የሌለው» አሉ ቀስ ብለው፤ «ሥር የሌለው።» ሊቀመንበሩ «የተኛ እንዳይኖር፣ ሊመጡ ይችላሉ» እያለ በየቤቱ የሚያንኳኳበት ጋ ሲደርሱ፣ እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ በተንከባለልኩበት ቦታ ላይ፣ ከግድግዳው ማዶ «ጌታ ሆይ ማረን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የባለቤታቸው «አሜን» ተከተለ።

ነገሩ ግራ ገባኝ። ምናልባት እኔ ያላየሁት ነገር አለ ብዬ በማግስቱ መጽሐፉን መልሼ ልዋሳቸው ሄድኩ። ለረቡዕ የጸሎት ስብሰባ ይዘውት ሄደዋል አሉኝ ባለቤታቸው።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ በእኛ ቀበሌም ከላይ እንግዳ ይመጣሉ የተባለው። ከየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ «የበላይ አካል» ነው የተባለው። ቀኑ አይታወቅም። ከሆሳዕና አፍንጫ ሥር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ስሟ ራሱ ሕዝብ ቅጠል ይዞ እንግዳ የተቀበለበት ቀን የሆነ ከተማ ጎረቤት ሆነን እንግዳ መቀበል አናውቅም ሊባል አይችልም። ኖራ በጆንያ መጣ። ድንጋይ ሁሉ መንጣት ጀመረ። እኔ ተማሪዎቼን ይዤ መንገድ ዳር ኖራ ስቀባ ብሩሹ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፤ የቆምኩት መጽሐፉ ውስጥ ነበር። ደራሲው ማን ይሆን? እዚህ ኖሮ ያውቃል? ወይስ ሁሉም ቀበሌ አንድ ቀበሌ ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጋሽ ኤርሱሞ ግን ጥያቄ አልነበራቸውም። ወደ ቤት ስመለስ ደጅ ላይ ይጠብቁኛል።

«መምህር፣ መጽሐፉ መቼ ነው የታተመው?»

«ቆይቷል ጋሼ፤ ብዙ ዓመት ይሆነዋል።»

«ዳማ ያኔ ተወልዳ ነበር?»

«ኧረ አልተወለደችም።»

«እናቷስ?»

«እናቷም አይመስለኝም።»

ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። እንሰት ለእንሰት የምትነዳው ላም ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት ይላል። «ዛሬ ጠዋት አቶ ማቴዎስ መጥቶ ነበር» አሉ። «ሦስት ሞዴል ገበሬ ተመርጧል። ሦስቱም ቤት የተሻሻለች ላም መታየት አለባት። ያለችው ዳማ ብቻ ናት። እንግዳው አንዱ ቤት ወተት ሲቀምሱ በእንሰቱ በኩል ወደ ሁለተኛው ቤት ትነዳ አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ተጽፏል አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ማን ጻፈው አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሰውየው ልብ ወለድ እያነበቡ አይደለም፤ የጌታን ዳግም መምጣት እየጠበቁ ነው። ምጸት ያልኩት ምጽአት ሆኖ ገብቷቸዋል። ላስተካክል ተነሳሁ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው» አልኳቸው።

«ከልብ የተወለደማ እውነት ነው።»

«እንደሱ አይደለም፤ ሽሙጥ ነው፣ ቀልድ ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «መምህር፣ በዚህ ነገር ይቀለዳል እንዴ?» አሉና ስለ እኔ ሊጸልዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ስለ እናንተ ሲጸልይ «ኧረ ይስሙኝ» ማለት አይቻልም። ቆሜ አሜን አልኩ። ሲጨርሱ ውሳኔያቸውን ነገሩኝ፦ «ሲመጣ እኔን ቤቴ፣ ዳማን በረቷ ነው የሚያገኘን። በሰው በረት ቆማ የሌላ ሰው ላም ነኝ ስትል አትገኝም።»

በማግስቱ አቶ ማቴዎስ አስጠራኝ። ቢሮው ገብቼ ሳልቀመጥ ጀመረ።

«የእንግዳውን መምጫ የሚናገር መጽሐፍ ቀበሌው ውስጥ እየዞረ ነው አሉ። የሰጠኸው አንተ ነህ።»

«ልብ ወለድ ነው እኮ፣ አቶ ማቴዎስ።»

«ስሙን አልጠየቅኩህም። ቀኑን ይናገራል?»

«አይናገርም። ቀኑና ሰዓቱ አይታወቅም ነው የሚለው።»

«እኛም ጋ እንደዚያው ነው» አለና ተከዘ። አሳዘነኝ። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የእኔ የዝውውር ማመልከቻ ነው። «ሽማግሌውን ያሳሳትካቸው አንተ ነህ፤ የምትመልሳቸውም አንተ ነህ። ላሟ ከወጣች እፈርማለሁ። ካልወጣች ያው እየታየ ነው።»

እንግዲህ ይታያችሁ። ልጄ አባቱን እንዲለምድ ዳማ በእንሰት ውስጥ መሮጥ አለባት። የዓለም ሥነ ጽሑፍ ይህን ያህል ኃላፊነት በአንድ ላም ላይ ጥሎ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም።

ያልሞከርኩት የለም። ጋሽ ኤርሱሞ እርሻ ላይ ሳሉ ሄጄ አብሬ አፈር ገፋሁ። ስለ ሚስቴ ነገርኳቸው፣ ስለ ልጁ ለቅሶ ነገርኳቸው። እውነት ለመናገር እንባዬም መጥቷል፤ ግማሹ የናፍቆት፣ ግማሹ የአፈሩ ነው። እሳቸውም ዓይናቸው ረጠበ። «ልጅህ እንግዳ ይልሃል?» አሉ። «እናቱ ናት የምትለው፤ እሱ ገና አፉን አልፈታም» አልኳቸው። ሥራቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ላሟን ሊሰጡኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

«መምህር፣ ሌላ ምንም ብትለኝ እምቢ አልልህም» አሉ በመጨረሻ። «ገብስ ልስጥህ፣ ቅቤ ልስጥህ። ዳማን ግን ውሸት አላስተምራትም።»

ይህን ለአቶ ማቴዎስ እንዴት እንደምነግረው እያሰብኩ ቢሮው ደረስኩ። ነገርኩት። ማመልከቻዬን ወደ መሳቢያው መለሰ። መሳቢያው ሲዘጋ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልወጣ ስል ግን ጠራኝ።

«ቆይ እስቲ። ያ መጽሐፍ መጨረሻው ምንድን ነው?»

የሰው ልጅ ጉጉት አያድርስ ነው፤ እሱንም ሲያሳክከው ነው የከረመው። «መጨረሻው አያስደስትም» አልኩት። «እንግዳው ይመጣሉ፤ ሕዝቡ መንገድ ዳር ተሰልፎ ያጨበጭባል። መኪናው ግን አይቆምም። መስታወቱም አይወርድም። አቧራውን ቡን አድርጎ ያልፋል። ከዚያ ሹሞቹ ተሰብስበው ጉብኝቱ የተሳካ ነበር ብለው ይገመግማሉ።»

አቶ ማቴዎስ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። «ሳይወርዱ ያልፋሉ?»

«ሳይወርዱ።»

«እስካሁን የጻፈው ሁሉ ደርሷል አይደል? ኖራው፣ ችግኙ፣ ላሟ?»

«ደርሷል፣ ግን እኮ…»

«ይሄ ደራሲ ልምድ ያለው ሰው ነው። ታዲያ ሳይወርዱ ካለፉ ላም ምን ታደርግልናለች? ከመኪና ላይ ላም አይቆጠርም።» መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «እንደ መጽሐፉ ካለፉ በማግስቱ እፈርምልሃለሁ። ከወረዱ ግን ሁለታችንም አለቀልን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሌዋ በሙሉ ወደ መንገዱ ዞረች። ድንጋዩ ኖራ የሚቀባው ከመኪና በሚታየው ጎኑ ብቻ ሆነ። ቅርንጫፎቹ መንገድ ዳር ብቻ ተተከሉ። ለጤና ልማቱ ደግሞ ከመንገዱ ፊት ለፊት አንድ ሞዴል ሽንት ቤት ተሠራ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፣ ሰማያዊ በር አለው፣ እጅ መታጠቢያ ጄሪካን ተንጠልጥሎለታል። ጉድጓድ ብቻ የለውም። ጉድጓድ ከመኪና አይታይም። እኔም ሳልፍ ሳገድም «ይለፉ ብቻ» እላለሁ። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ኤርሱሞ «ና፣ ቶሎ ና» እያሉ ይጸልያሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ እንዲመጣ ሌላው እንዲያልፍ ስንለምን ሰማይ ቤት ምን እንዳሉን አላውቅም።

እንግዳው የመጡት ማክሰኞ ነው። ተሰልፈናል። ከሩቅ አቧራው ታየ፤ ልክ እንደ ሽፋኑ። መኪናው ደረሰ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ መስታወቱ ጥቁር ነው፣ አልወረደም። ከእኔ ፊት አለፈ። አቶ ማቴዎስ ከመንገዱ ማዶ አየኝ፤ ፈገግ አለ። እኔ በሐሳቤ ሆሳዕና ገብቼ ልጄን ታቅፌዋለሁ።

መኪናው ፍሬን ያዘ።

በሩ ተከፈተ፤ እንግዳው ወረዱ። ሸምገል ያሉ፣ ወፈር ያሉ ሰው ናቸው። ጭብጨባ አልጠበቁም፣ ንግግር አልጠበቁም። በፍጥነት ሲራመዱ አቶ ማቴዎስ ማብራሪያ ሊሰጥ ከኋላ ይሮጣል። እሳቸው ግን ማብራሪያ አልፈለጉም። መንገዱ ረጅም ነው፣ ጠዋት የጠጡት ሻይ ነው፤ ሰማያዊውን በር አይተው ነው የወረዱት። ከፈቱት። ውስጡ ሣር ነው። ሣሩ ላይ የታቀፈች ዶሮ ተቀምጣለች። ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት። በሩን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

«ሌላ የለም?» አሉ።

ያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ጉድጓድ ያለው ሽንት ቤት የጋሽ ኤርሱሞ ብቻ ነው። እኔም የምጠቀመው እሱን ስለሆነ ምስክር ነኝ። ማን እንደመራቸው አላስታውስም፤ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ግቢያችን ጎረፈ። ጋሽ ኤርሱሞ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ መጽሐፉን በብብታቸው ይዘዋል። ዳማ በረቷ ውስጥ ታመሰኳለች። እንግዳው በጥድፊያ አለፉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል። እጃቸውን እየታጠቡ ዳማን አዩ።

«የማን ላም ናት?»

«የእኔ ናት» አሉ ጋሽ ኤርሱሞ። «የእኔ ብቻ።»

አቶ ማቴዎስ ጉሮሮውን ጠረገ። እንግዳው ፈገግ አሉ። «ብብትዎ ውስጥ ያለውስ?»

«የምጽአት መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምናየውን ነገር ሁሉ አንድ ሳያስቀር ቁጭ አድርጎታል።» የእኔን ቃል አንድ ሳያስቀሩ። ቀጥለው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መጽሐፉን በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው። «ይውሰዱት። እኔ አንድ ምዕራፍ ነው የቀረኝ። ለእርስዎ ይበልጥ ያስፈልግዎታል።»

እንግዳው ርእሱን አነበቡ። እኛን አዩ። ወደ መንገዱ ዘወር ብለው ግማሽ ጎኑ የነጣውን ድንጋይ አዩ። ከዚያ መጽሐፉን ይዘው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ሲሄዱ ገጽ ሲገልጡ አይቻቸዋለሁ፤ መስታወቱ ያን ጊዜ ወርዶ ነበር።

አቶ ማቴዎስ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ብዙ ሊለኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ከትንፋሹ ያስታውቃል። «ሳይወርዱ ያልፋሉ አላልክም?» ብቻ ነው ያለው።

ዝውውሬ እዚያው ሞተ ብዬ ተቀመጥኩ። ዓርብ ሆሳዕና ስገባ ልጄ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው ላለቅስ ትንሽ ነው የቀረኝ። እሑድ ማታ ወደ ቀበሌው ስመለስ ለጋሽ ኤርሱሞ «ጋሼ፣ ለምን ሰጡዋቸው? ጌታ መሰሉዎት እንዴ?» አልኳቸው፤ በቁጣ ነው ያልኩት፣ አልደብቅም። እሳቸው ሳቁብኝ። «ሽንት ቤት ጠይቆ የሚመጣ ጌታ አለ እንዴ? ከላይ መጣሁ ያለው ሰውም ከእሱ በላይ የሚመጣበት አለ። ይወቅ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወሬ መጣ። እንግዳው ስብሰባ ላይ ቆመው «በአንድ ቀበሌ አንድ ሽንት ቤት አየሁ» ብለዋል አሉ። ከዚያ ቁጭ። ሰዉ ሁሉ ማስታወሻ ያዘ፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ የገባው ግን የለም። አቶ ማቴዎስ ሲያገላብጠው ሰንብቶ አንድ ቀን አስጠራኝ። ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዕሩን ይዟል።

«መምህር፣ መጽሐፍህ እሳቸው እጅ ነው ያለው። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት መሰለኝ፤ እስካሁን ዝም ብለዋል። ሲጨርሱ ግን ይሄን ነገር ማን አመጣው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ ወረዳ ውስጥ እንዳትገኝ።» ፈረመ። ማኅተሙን ሲመታው ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ዘለለ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያ ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ካገኘህ ላክልኝ» አለኝ። «ለዕቅድ ይረዳኛል።»

የምሄድበት ቀን ጋሽ ኤርሱሞ ለሚስቴ የሚሆን ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው እስከ መንገድ ሸኙኝ። ሌላ እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ድንጋዩ እንደገና ኖራ ተቀብቶ ነበር። ቆመን ሚኒባስ ስንጠብቅ እሳቸው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ እንደፈለጉ ታወቀኝ።

«መምህር፣ ያቺ የቀረችኝ ምዕራፍ» አሉ። «ሳላውቃት ልትሄድ ነው። እንዴት ነው የሚመጣው?»

ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር። ግን ላማቸውን እንኳ ውሸት አላስተምርም ያሉ ሰው ናቸው። «ይመጣሉ ጋሼ» አልኩ፤ «ግን ሳይወርዱ ያልፋሉ። አቧራ ብቻ ነው የሚቀረው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሳይወርድ?»

«ሳይወርዱ።»

«እንግዲያው የምጽአት መጽሐፍ አይደለማ» አሉ ቆርጠው። «ያኛው ሲመጣ ይወርዳል።»

«መጀመሪያም ምጽአት አላልኩም ጋሼ። ምጸት ነው ያልኩት።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ትምህርት ቤት የማስተምረውን ትርጉም ጀመርኩ። «ምጸት ማለት አንድን ነገር…» እያልኩ ሳለሁ ሚኒባሱ ከኩርባው ብቅ አለ። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ ቅቤዬን አቀፍኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ጋሽ ኤርሱሞም ኮፍያቸውን አውልቀው አወዛወዙ። ሚኒባሱ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው በመስኮት ወጥቷል። ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንደ ትልቅ ሰው አውለበለበልን። አልቆመም። አቧራውን ቡን አድርጎ ወደ ሆሳዕና ነካው።

አቧራው እስኪበርድ ዓይናችንን ጨፍነን ቆየን። ስገልጥ ጋሽ ኤርሱሞ ቅንድባቸው ነጥቶ፣ ኮፍያቸው እጃቸው ላይ እንዳለ፣ መኪናው የሄደበትን መንገድ ያያሉ።

«መምህር» አሉ፤ «ምጸት ያልከኝ ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው ጋሼ።»

ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አራገፉና ያን ሁሉ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ስጠብቀው የነበረውን ሳቅ፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ ኖራው ያልደረቀው ድንጋይ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁት።